ሳያድሩ የሚሄዱ እንግዶች

ከሰሜን ጣሊያን ተነስቶ በአድሪያቲክ ባሕር ወደ ደቡብ የሚወርድ የመዝናኛ መርከብ ለባልና ሚስት ትልቁን ድካም ያቀልላቸዋል። ሻንጣ አንድ ጊዜ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጓዘው መኝታ ክፍሉ ራሱ ነው። ማታ የአንዱን አገር ዳርቻ እያዩ እራት የበሉ ጥንዶች፣ ጠዋት መጋረጃውን ሲገልጡ የሌላ አገር ግንብ ፊት ለፊታቸው ተገትሮ ያገኙታል። ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፣ ጉልበታቸው የባቡር ጣቢያ ደረጃ እንደ ልብ የማያስወጣቸው ባለትዳሮች በአንድ ሳምንት አራት አምስት ጥንታዊ የወደብ ከተሞችን የሚያዩበት ሌላ መንገድ ብዙ የለም። ይህን መናቅ አይገባም። ሆኖም ቬኒስ፣ ዱብሮቭኒክ፣ ኮቶርና ኮርፉ ዛሬ የምናደንቃቸውን ሕንጻዎች፣ ሕጎችና ወጦች ያገኙት መርከብ ስለመጣባቸው ብቻ አይደለም፤ የመጣው መርከብ ይቆይ ስለነበረ ነው። ክረምት ባሕሩን ሲዘጋ፣ ነፋሱ አልመለስ ሲል፣ ዕቃው እስኪሸጥ፣ ወረርሽኝ አለመያዙ እስኪታወቅ እንግዳው ሳምንታትና ወራት ይጠብቅ ነበር። የዛሬው መርከብ ጠዋት መጥቶ ማታ ይሄዳል። ስለዚህ ጎብኚው በመቆየት የተሠራን ከተማ ሳይቆይ ነው የሚያየው። የሚጎድለውም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ወደብን ወደብ ያደረገው፣ በእንግዳና በባለአገር መካከል የነበረው ግዴታ ነው።

በቬኒስ እንጀምር። ግዙፎቹ መርከቦች ዛሬ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት አያልፉም። የጣሊያን መንግሥት ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በጁዴካ ቦይ እንዳይገቡ ከልክሏል። ተሳፋሪው ራቅ ካለ ወደብ ወርዶ በአውቶቡስና በጀልባ ወደ ከተማዋ ይገባል፤ ሪያልቶ ድልድይ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ከድልድዩ ሥር ያለውን ሰፊ ነጭ ሕንጻ ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፎንዳኮ ዴይ ቴዴስኪ ይባላል፤ የጀርመን ነጋዴዎች ማደሪያ ነበር። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከአልፕስ ተራሮች ማዶ የመጣ ነጋዴ ሁሉ እዚያ ማደር፣ ዕቃውን እዚያ ማራገፍ፣ በቬኒስ ሪፐብሊክ ሹማምንት ፊት መሸጥና ቀረጥ መክፈል ነበረበት። በ1505 ሲቃጠል ቬኒስ በራሷ ገንዘብ መልሳ አሠራችው። ለኦቶማን ነጋዴዎችም ከ1621 ጀምሮ በታላቁ ቦይ ዳር ሌላ ፎንዳኮ ተሰጣቸው። ከተማዋ ለባዕድ መኝታ፣ መጋዘንና ወጥ ቤት አዘጋጅታ ነበር ማለት ነው፤ ባዕዱም በምላሹ በሕጓ ገብቶ ይኖር ነበር። የጀርመኖቹ ሕንጻ ኋላ ፖስታ ቤት ሆነ፤ በ2016 ደግሞ የቅንጦት ዕቃ መደብር ሆኖ ተከፈተ። አንድ ሕንጻ ከእንግዳ ማደሪያነት ወደ መግዣ ቦታነት ሲለወጥ የከተማዋን ለውጥ በአጭሩ ያሳያል።

የመቆየትን ፍሬ ለሚጠራጠር ማስረጃው በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ዳር፣ ከደወሉ ግንብ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይገኛል፤ ለእኛም ቅርብ ነው። በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት የሚጠበቀው የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ደቡብም ከላይ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ አውሮፓውያን ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት አብዛኛው ተረት ነበር። የፍራ ማውሮ ካርታ ግን የአባይንና የአዋሽን ስም ይዟል። ካርታ ሠሪው መነኩሴ ይህን ያገኘው ከአገሩ ተወላጆች፣ በእጃቸው ሥለው ካሳዩት ቀሳውስት እንደሆነ ራሱ ካርታው ላይ ጽፏል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮች ይዘው ቬኒስ ገብተው ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ቬኒሳዊ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዱ መንገዶችን ከነማረፊያዎቻቸው መዝግቧል። በሁለት ቋንቋ መካከል በአስተርጓሚ እየተጠያየቁ የወንዝን አቅጣጫ መተማመን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የተሳሳተው ይሰረዛል፣ ይደገማል፣ ሌላ ሰው ይጠየቃል። ይህ ሥራ ሻይ ጠጥቶ በሚነሳ ሰው አይሠራም። አስጎብኚው ባንዲራ ይዞ ከፊት እየቀደመ፣ ጀልባው የሚነሳበትን ሰዓት እያስታወሰ ሲሄድ፣ ኢትዮጵያዊው ተጓዥ የራሱ አገር ወንዞች በስማቸው ከተጻፉበት ካርታ ደጃፍ አልፎ ይሄዳል። በመርከቡ የጉብኝት ዝርዝር ውስጥ ስለማይገኝ መኖሩንም አይሰማም።

በምግብም ነገሩ ያው ነው። በቬኒስ መጠጥ ቤቶች መስኮት ላይ በትንሽ ሳህን የሚቀርብ ሳርዴ ኢን ሳኦር የሚሉት የሰርዲን ምግብ አለ። ዓሣው በዱቄት ተነክሮ ይጠበሳል፤ ሽንኩርቱ በዘይት ቀስ ብሎ ይቁላላና ኮምጣጤ ይገባበታል፤ ከዚያ ዓሣና ሽንኩርት፣ ዓሣና ሽንኩርት እየተደረበ ዘቢብና የጥድ ፍሬ ይበተንበታል። ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው፤ ያድራል። ትኩስ አይበላም። አንድ ሁለት ቀን ተቀምጦ ኮምጣጤው ወደ ዓሣው ሲዘልቅ፣ ሽንኩርቱ ጣፋጭ ሲሆን ያኔ ይቀርባል። መርከበኞች እንዳይበላሽባቸው ይዘውት የሚሄዱት ምግብ ነበር፤ እኛ ቋንጣና ዳቦ ቆሎ ሰንቀን እንደምንወጣው። በመዝናኛ መርከቡ የመመገቢያ አዳራሽ ያለው ማዕድ ደግሞ ወሰን የለውም፤ ሥጋው፣ ዓሣው፣ ኬኩ፣ ፍራፍሬው ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ይደረደራል። ግን ቬኒስ ዳርም ኮርፉ ዳርም ያው ማዕድ ነው። የውጭው አገር ሲለዋወጥ ሳህኑ አይለወጥም። ይህ ለሆድ ምቾት ነው፣ ለጉዞ ግን ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም የወደብ ከተማ ታሪኩን አብልጦ የሚናገረው በምግቡ ነው።

ዱብሮቭኒክ የመቆየት ሕግ የወጣባት ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ራጉሳ ትባል ነበር። በጁላይ 1377 የከተማዋ ታላቅ ምክር ቤት ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሁሉ በምርካን ደሴት ወይም በጻቭታት አንድ ወር ሳይቆይ ወደ ከተማዋ እንዳይገባ ደነገገ። በጽሑፍ ከሚታወቁት የወሸባ ሕጎች የመጀመሪያው ይህ ነው። ከተማዋ ሌላ ምርጫ ነበራት፤ በሯን መዝጋት ትችል ነበር። ግን በንግድ የምትኖር ትንሽ ሪፐብሊክ በሯን ዘግታ አትኖርም። ስለዚህ ሳይቆይ መግባትን ከልክላ፣ ቆይቶ መግባትን ፈቀደች። ቬኒስም በ1423 ለታመሙት፣ በ1468 ደግሞ ለተጠረጠሩት በሐይቋ ውስጥ ደሴት ለየች። ላዛሬቶ ኑኦቮ በተባለው በዚህ ሁለተኛው ደሴት ላይ ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝም መጋዘን ዛሬም አለ። ግድግዳው ላይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቀይ ቀለም የተጻፉ ጽሑፎች ይነበባሉ፤ ከቆጵሮስ ወይም ከቁስጥንጥንያ የመጣ መርከብ፣ የጫነው ዕቃ፣ የጠባቂው ስም፣ አንዳንዴም ሥዕል። ወሸባ የገቡ ሰዎች ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ጽሑፍ ነው። ዱብሮቭኒክ ውስጥ በፕሎቼ በር ወጣ ብለው በባሕሩ ጫፍ የተደረደሩት ላዛሬቲ የተባሉ የወሸባ ሕንጻዎች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩ ናቸው፤ ከምሥራቅ በየብስ የመጣው ነጋዴ ከነዕቃው እዚያ ይጠብቅ ነበር።

በፒሌ በር በኩል ጠዋት ለሚገባው ጎብኚ ግን ዱብሮቭኒክ ፕላጻ የሚባለው አንድ ጎዳና ነው። ድንጋዩ በእግር ብዛት ተፍቆ እንደ እርጥብ ያንጸባርቃል። በ1667 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ካፈረሰ በኋላ ቤቶቹ በአንድ ዓይነት እንዲሠሩ ስለተደረገ የሱቆቹ በሮች ሁሉ ተመሳሳይ ናቸው፤ በሩና መስኮቱ በአንድ ቅስት ሥር ተያይዘው፣ የመስኮቱ ደፍ የሱቁ መደርደሪያ ሆኖ ያገለግላል። ነጋዴው ከውስጥ ቆሞ፣ ገዢው ከጎዳናው ሆኖ ጨርቁን እየዳበሱ ዋጋ እንዲነጋገሩ የተሠራ በር ነው። አሁን ብዙዎቹ አይስክሬምና የመታሰቢያ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ከላይ ባሉት ፎቆች የሚኖረው ሰው ከዓመት ወደ ዓመት ቀንሶ በግንቡ ውስጥ የቀረው ነዋሪ ከ2,000 በታች ነው። ከተማዋ ራሷ መርከቦቹ አንገቷን ስለያዟት ከ2019 ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከሁለት መርከብ በላይ እንዳይቆም ወስናለች።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ያ የጥንቱ መቆየት በውዴታ አልነበረም፤ ነፋስና ወረርሽኝ አስገድደው ያመጡት ነው። በወሸባ ደሴቶቹ ብዙ ሰው ሞቷል። የጀርመኖቹ ፎንዳኮ ሌሊት በሩ ይቆለፍ ነበር፤ በ1516 አይሁዳውያንን በአንድ ሰፈር አጥራ ማታ ማታ በር የዘጋችባቸውም ይህችው እንግዳ ተቀባይ የተባለች ቬኒስ ናት። ታዲያ ይህን እንዴት እንናፍቃለን? መልሱ፣ አንናፍቀውም ነው። የተቆለፈ በር በደል ነው፤ ዛሬ በፈለገው ሰዓት ገብቶ የሚወጣ ሰው ያለው ነጻነት ከዚያ ይሻላል። ነገር ግን ግዳጁን ማውገዝ የቆይታውን ውጤት አይሰርዘውም። የቆየ እንግዳ ስሙ ይመዘገባል፣ ጠበኛ ከሆነ ይዳኛል፣ ዕዳ ካለበት ይጠየቃል፣ ከታመመ ይታከማል። ከተማዋም ትጠየቃለች፤ ያበላሸችበትን ዕቃ ትክሳለች፣ ያጎደለችበትን ታሟላለች። የዛሬው የስምንት ሰዓት ጎብኚ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። እሱ ለከተማዋ አይጠየቅም፤ ከተማዋም እሱን አታውቀውም። በደሉ ከነግዳጁ ሲሄድ ትውውቁም አብሮ ሄደ። ጥያቄው ትውውቁን ያለ ግዳጁ ማግኘት ይቻላል ወይ የሚል ነው።

የኮቶር ባሕረ ሰላጤ ለመርከብ ጉዞ ከዓለም ውብ ከሚባሉት መግቢያዎች አንዱ ነው። መርከቡ በተራሮች መካከል እየተጠማዘዘ ይገባል፤ በጠባቡ የቬሪጌ መተላለፊያ ሲያልፍ ሁለቱም ዳርቻዎች በእጅ የሚነኩ ይመስላሉ። እዚህ የመርከቡ ዝግታ ለመሬቱ አቀማመጥ የሚገባውን ክብር ይሰጠዋል፤ ይህን ውበት ከመርከብ ሰገነት የተሻለ የሚያሳይ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ከመተላለፊያው ውስጥ በኩል ፔራስት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከፊቷ ያለችው የእመቤታችን ደሴት ሰው ሠራሽ ናት፤ የአካባቢው ሰዎች ለዘመናት ድንጋይና ያረጀ ጀልባ እያሰጠሙ ከባሕር ያወጧት ናት። ዛሬም በየዓመቱ ጁላይ 22 ቀን በጀልባ ወጥተው ድንጋይ ይጨምራሉ። በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ከማዕበል የተረፉ መርከበኞች ለስእለት ያስገቧቸው፣ መርከብ የተቀረጸባቸው የብር ሰሌዳዎች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ከነሱ ሌላ አንድ የጥልፍ ሥራ አለ። የፔራስት ሴት፣ እንደሚነገረው፣ ባሕር የወሰደባትን ወዳጇን እየጠበቀች ለ25 ዓመት የጠለፈችው ነው። በወርቅና በብር ክር መካከል የራሷን ፀጉር አስገብታበታለች። የመላእክቱ ፀጉር አንዱ ጋ ጥቁር ነው፣ ሌላው ጋ ነጭ፤ ሽበቷ እየገባ ሲሄድ የክሩም ቀለም ተለወጠ።

በባልና ሚስት የመርከብ ጉዞ ላይ ለሚጽፍ ሰው ይህ ጥልፍ መታለፍ የለበትም። የወደብ ከተማ ታሪክ የተለያዩ ባለትዳሮች ታሪክ ነው፤ ባል ባሕር ላይ፣ ሚስት መስኮት ላይ። ስእለቱ፣ ደሴቷ፣ ፌሽታው፣ የሴቶቹ ጥልፍ ሁሉ ከዚያ መለያየት የመጣ ነው። ባልና ሚስት አንድ ክፍል ይዘው በባሕር ላይ መጓዛቸው በእነዚህ ከተሞች ዘመን ሲመዘን ታላቅ በረከት ነው። ግን በረከቱ ከታወቀ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ያን ጥልፍ ቆሞ ማየት። የጀልባዋ ጉብኝት ለደሴቷ የሚመድበው ጊዜ ደግሞ ደጁን አይቶ ፎቶ ለማንሳት እንጂ የክሩ ቀለም የት ላይ እንደተለወጠ ለመፈለግ አይበቃም። በነገራችን ላይ ፔራስት ለባዕድ ትምህርት ቤት ሆናም ነበር። የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ 17 መኳንንት ወደዚህ ልኮ ከማርኮ ማርቲኖቪች የባሕር ጉዞን ጥበብ እንዲማሩ አድርጓል። ከተማዋ ለእንግዳ የምትሰጠው እይታ ብቻ አልነበረም፤ ሙያም ነበራት።

ኮርፉ ከ1386 እስከ 1797 በቬኒስ ሥር ነበረች፤ ኋላ ፈረንሳይ፣ ሩሲያና ኦቶማን፣ እንግሊዝም ተራ በተራ ገዝተዋት በ1864 ከግሪክ ጋር ተቀላቀለች። የእያንዳንዱን ቆይታ ልክ ለማወቅ ወጥ ቤቷን ማየት ይበቃል። ፓስቲሳዳ የሚሉት ዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በቀይ በርበሬ ተሠርቶ በፓስታ የሚበላ ወጥ ነው፤ የቬኒስ መርከብ ያመጣው ቅመም በግሪክ ደሴት ላይ ቀርቷል። እንግሊዞች ክሪኬት አስተምረው ሄዱ፤ በከተማዋ ሰፊ ሜዳ አሁንም ይጫወቱታል። ግን ይህን የሚጠቅስ ሰው ቆይታ ሁሉ በጎ ነው ብሎ እንዳይቸኩል እኛ ቀድመን እንመሰክራለን። ፓስታና ማኪያቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ በማን ጠመንጃ ታጅበው እንደገቡ እናውቃለን። ሳይጠሩት የመጣ፣ ውጣ ሲሉት አልወጣም ያለ፣ ጠላት እንጂ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ መለኪያው የቆይታው ርዝመት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ በማን ሕግና በማን ፈቃድ ነው የሚለውም አብሮ ይመዘናል። ፎንዳኮው ከምሽጉ የሚለየው በዚህ ነው።

በአገራችን ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ይላል፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው ይባልና ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ይቀርብለታል። እንግድነት ከምሽት ጋር የተያያዘ ነው። ቀን አልፎ የሚሄድ ሰው ውኃ ይጠጣል፣ ይሰናበታል፤ ያደረ ግን የቤቱን ወሬ ሰምቶ፣ የራሱን አውርቶ፣ ጠዋት ተመራርቆ ይለያል። ኢትዮጵያዊ ተጓዥ ይህን ልማድ በልቡ ይዞ ወደ አድሪያቲክ ሲወርድ፣ የወደቦቹ ሰዎች ፊታቸውን ቢያጠቁሩበት ክፋት አድርጎ መውሰድ ይቀለዋል። ፍርዱ ግን ልክ አይሆንም። በአንድ ጠዋት ብዙ ሺህ ሰው በሩን የሚያንኳኳበት፣ አንዱም የማያድርበት ቤት እግር አያጥብም።

መርከቦቹ ገንዘብ ያመጣሉ የሚለው ክርክር ችላ አይባልም። አስጎብኚው፣ ጀልባ ነጂው፣ ቡና ቤቱ፣ ወደቡ ላይ ገመድ የሚያስረው ሠራተኛ በእነሱ ይኖራሉ። የወደብ ከተማም ቢሆን ሁልጊዜ የኖረችው በባዕድ ገንዘብ ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። የጥንቱ መርከበኛ ምሳውን፣ እራቱን፣ አልጋውን፣ የልብስ እጥበቱን፣ የሸራውን ጥገና ከከተማዋ ይገዛ ነበር። የዛሬው ተሳፋሪ አልጋውም፣ ሦስቱም ማዕዱ፣ ምሽቱም መርከቡ ላይ አስቀድሞ የተከፈለበት ነው፤ ለከተማዋ የሚተርፋት አንድ ማኪያቶና የፍሪጅ ጌጥ ነው። የቬኒስ ታሪካዊ ክፍል በ1951 ወደ 175,000 ሰው ይኖርበት ነበር፤ ዛሬ ከ50,000 በታች ነው። ይህን ሁሉ መርከብ አደረገው ማለት አይቻልም፤ የቤት ዋጋ፣ የውኃው ሙላት፣ የሥራ ወደ የብስ መሄድ አሉበት። ግን ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ ጭንብል መሸጫ የሚሆነው፣ ከሚያድረው የሚያልፈው ሲበዛ ነው።

ታዲያ ያ ጉልበቱ የደከመ ጥንድ ምን ያድርግ? ጉዞውን ይተው ማለት ጭካኔ ነው። ግን መርከቡ በሚቆምበት ሁሉ መውረድ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ወደብ የሚነካ መስመርም ብቸኛው ምርጫ አይደለም። ጥቂት ወደብ መርጠው አንዱ ጋ ሌሊቱን የሚያሳልፉ ጉዞዎች አሉ። መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም ካበቃ በኋላ በመነሻው ከተማ ጥቂት ሌሊት ማከል ይቻላል። ከአራት ከተማ አንዱን መርጦ፣ ስለ እሱ አስቀድሞ አንብቦ፣ አንድ ካርታ ወይም አንድ ጥልፍ ለማየት ብቻ መውረድ፣ በቀሩት ቀናት ከመርከቡ ሰገነት ላይ ባሕሩን ማየት ለጉልበትም ለከተሞቹም ይቀላል።

ከተሞቹ ራሳቸው ወደዚህ እያዘነበሉ ነው። ቬኒስ ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ሳያድር ለሚገባ ጎብኚ ክፍያ መጣል ጀምራለች፤ በመጀመሪያው ዓመት 5 ዩሮ ነበር። ያደረ አይከፍልም። ሆኖም ማደርም የራሱ ችግር አለው። በ2023 የጎብኚ አልጋ ብዛት በታሪካዊቷ ከተማ ከነዋሪው ቁጥር መብለጡን የነዋሪዎች ማኅበራት አሳውቀዋል፤ ነዋሪ የለቀቀው አፓርታማ ለእንግዳ ይከራያል፣ የተከራየው ደግሞ ነዋሪ አይመለስበትም። ስለዚህ ሁሉም ይደር ማለት መፍትሔ አይሆንም። ፎንዳኮው ያደረገው ሌላ ነበር፤ ስንት እንግዳ፣ በየትኛው ሕንጻ፣ በማን ኃላፊነት እንደሚያድር ከተማዋ ወሰነች፣ ለሕንጻውም ከፈለች። አሁን ያለው ክፍያ ይህን አይወስንም። የሚገባውን ሰው ቁጥር አይገድብም፤ የከፈለ ሁሉ ይገባል።